ፊቱን ይታጠብ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀይዋ መብራት በርታለች። ዶሮው ገና አልጮኸም። ጎረቤቶቼ "ለበዓል እናርደዋለን" ካሉ ሦስት በዓል አለፈ። ከእኔ ይልቅ እሱን ብላችሁ የምታዳምጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ዛሬ ስለ ማሪዮ ፊልም ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። በአጭሩ፣ የ1993ቱን ያየ ሰው የ2023ቱን ሲያይ ብዙ ነገር ይቅር ይላል። ታሪኩ ስስ ነው። ግን ቢያንስ ማሪዮ ማሪዮን ይመስላል። በቃ፣ የቀረውን ሌላ ቀን። እህቴ "ሌላ ቀን" ያልኩትን እየቆጠረች ነው፤ 14 ደርሻለሁ አሉ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን እንደገና ጀምሬያለሁ። አዎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። አዎ፣ በዚያው ወደ ግራ ወደ ግራ በሚጎትተው ጆይስቲክ። በ2018 የወጣ፣ ስለ አሜሪካ ሽፍቶች የሆነ ጌም ነው፤ እስከ ዛሬ የሚበልጠው አላየሁም፣ ብትሰድቡኝም። አባዬ ደግሞ እኔ ጋ ከመጣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ጌም አይወድም። "ትልቅ ሰው ሆነህ..." ብሎ ነው የሚጀምረው። ፈረስ ሲያይ ግን ቁጭ አለ።

እንጅባራ ያደገ ሰው ነዋ! ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በቴሌቪዥን ሲያይ ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። የኔን ፈረስ ቀለም አየና "ዳማ ነው" አለ። ወዲያው በላቲን ፊደል ዳማ ብዬ ስም አወጣሁለት። ከዚያ በኋላ መች አስቀመጠኝ። "አጠጣው እንጂ።" "ምን ያስሮጥሃል፣ ላቡ ይድረቅ።" መቦረሽ እንደሚቻል ሳሳየው ደግሞ ቦርሸን ቦርሸን አመሸን። ሲበርድ የፈረሱ ምን እንደሚሆን የተጫወታችሁ ታውቃላችሁ። እሷን አልነገርኩትም። አባቴ ነው።

ዘመኑ መቼ ነው አለኝ። 1899፣ በፈረንጅ አልኩት። በጣቱ ቆጠረና "ከአድዋ ሦስት ዓመት በኋላ" አለ። ስንት ጊዜ ስጫወተው አስቤው አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ባቡር ሲዘርፉ እዚህ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ የምጫወተው ሰውዬ፣ አርተር ሞርጋን፣ ቤታችን ውስጥ "ሽፍታው" ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ያ ሥራ መጣ። ዳውንስ።

የተጫወታችሁ ገብቷችኋል። ላልተጫወታችሁ ላበላሽባችሁ ነው፣ ይቅርታ። ስትራውስ የሚባል አራጣ አበዳሪ አለ፣ አርተርን ብድር እንዲያስመልስ ይልከዋል። ተበዳሪው ኮስማና ገበሬ ነው፣ ያስላል። ልዝለለው ብትል ታሪኩ አይቀጥልም። ትይዘዋለህ፣ ትመታዋለህ። ሰውየው ሲያስል ደሙ አርተር ፊት ላይ ይረጫል። አርተርን በኋላ የሚገድለው ያ ሳል ነው። ሴንት ዴኒስ ከተማ ውስጥ ይወድቃል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ቲቢ ይባላል። በዚያ ዘመን መድኃኒት የለውም።

አንድ ነገር ልበል። ቱምስቶን ፊልም ላይ ቫል ኪልመር ቲቢ የያዘውን ሽጉጠኛ ዶክ ሆሊዴይን ሆኖ ሲያስል፣ ላቡ ሲንቆረቆር፣ እንዴት ወድጄው ነበር መሰላችሁ። ሳል ያምራል ብዬ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እውነተኛው ዶክ በ1887 አልጋ ላይ ነው የሞተው፣ በ36 ዓመቱ። ግን ፊልም ነው፣ ፈንዲሻህን እየበላህ ታያለህ። እዚህ አውራ ጣትህ አለችበት። ጌም ከፊልም ይበልጣል እያልኩ አይደለም... እያልኩ ነው እንዴ? እንጃ። ይቅር።

ልመለስ። አባዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስመታ ዝም አለ። ሁለተኛውን ስመታ "ተው እንጂ፣ ሰውየው ታሟል" አለ። እኔ ምን አልኩ? "ጌም ነው እኮ አባዬ።" ደግሜ ተጫንኩ። ያቺ ሦስተኛዋ ግድ ትሁን ትርፍ እስካሁን አላወቅኩም። ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ደሙ ተረጨ። አባዬ "ፊቱን ይታጠብ" አለ።

እንዲሁ ነው ያለው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተነስቶ ወደ ኩሽና ሄደ፣ የቧንቧ ውኃ ሰማሁ። የሻይ ብርጭቆውን እያጠበ ነበር።

አባዬ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ እያለ ቲቢ ታሞ ነበር። ይህን እዚህ ተናግሬ አላውቅም። ለወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ ይሄድ ነበር። የቆርቆሮ ኩባያው ለብቻው ነበር፣ መስኮቱ ላይ። ከዳነም በኋላ እዚያው ቀረ፣ አንሱት ያለ ሰው የለም። አንድ ቀን ጫማዬን እያሰረልኝ ሳለ ሳሉ ቀደመው። ሮጬ ግቢው ቧንቧ ጋ ሄድኩ፣ ፊቴን በሳሙና ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ። ቀና ስል በር ላይ ቆሟል። የአንድ እግሬ ጫማ አልታሰረም ነበር።

እና አሁን... ያንን አስታውሶ ነው? ወይስ እንዲሁ፣ ሰው ፊት ላይ ደም ሲረጭ የሚባለውን ነው ያለው? ምናልባት ምንም አይደለም። አባዬ እኮ ዜና አንባቢንም "ውኃ ጠጪ" የሚል ሰው ነው። ልጠይቀው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ፈረስ ጠየቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን አልገፋሁም። ምዕራፍ 2 ላይ ነኝ። ምዕራፍ 2ን ጨርሶ መውጣት የማይፈልግ ተጫዋች ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ሰፈሩ ስለሚያምር ነው። እኔ ሴንት ዴኒስ እንዳልደርስ ዓሣ እያጠመድኩ ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ ዓሣ ብቻ።

ትናንት ማታ መጣና ቁጭ አለ። ስለ ሽፍታው ይጠይቀኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። "ያ የሚያስለው ሰውዬስ?" አለኝ።

ዳውንስ እኮ ይሞታል። ብዙም አይቆይም።

"ደህና ነው" አልኩት። "መድኃኒቱን ይውሰድ እንጂ" አለ። እሺ አልኩት። እሺ አልኩት እኮ... ለማን ነው የምነግረው? ከዚያ ዳማን ቦርሸው አለኝ፣ እየቦረሽኩ...

ቆይ። ሰማችሁት? ጮኸ። እሱ ዶሮ ዛሬም...