ጣሪያዋ ለሚከፈት መኪና ቤንዚን ይሻላል ወይስ ናፍጣ?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ዘንባባ የበዛበት ጎዳና። ጣሪያዋ የተከፈተ ነጭ መኪና በዝግታ ታልፋለች። ከኋላዋ ባጃጅ፣ ከጎኗ ብስክሌት።]

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች! ዛሬ የምናወራው ስለ ኮንቨርተብል ነው። ጣሪያዋ ተጣጥፎ ወደ ኋላ የሚገባ፣ ሰርግ በመጣ ቁጥር ፈላጊዋ የሚበዛ መኪና። ጥር ሲቃረብ “አንዷን ገዝቼ ላከራይ” የሚል ሰው አይጠፋም። ለራሱ ደስታ የሚፈልጋትም አለ። ከሥራ መልስ ጣሪያዋን ከፍቶ ጣና ዳር ፏ ማለት ማን ይጠላል?

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ቤንዚን ልግዛ ወይስ ናፍጣ?

ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ነዳጅ ቁጠባ ይሮጣል። እኔ በሌላ ጥያቄ ልጀምር። ጣሪያውን ከፍታችሁ የምትነዱት በስንት ፍጥነት ነው? ባሕር ዳር ውስጥ ከሆነ መልሱ በሰዓት 20፣ ግፋ ቢል 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከፊት ባጃጁ ሰው ለመጫን ቀጥ ይላል። ከጎን ብስክሌተኛ አለ። ካሜራ የያዘው ልጅ ደግሞ “ቀስ በል፣ ቀስ በል” ይላል። ይህን ፍጥነት ያዙልኝ። የዛሬው መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አስቀድሜ ስለ ገበያው አንድ ነገር ልበል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። በሩ የተከፈተው ለኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የምትመርጡት አገር ውስጥ ካለው ነው። ያውም ያገለገለ፣ ሁለት ሦስት ባለቤት የቀያየረ። ለአዲስ መኪና የሚሰጥ ምክር ሁሉ እዚህ አይሠራም።

[ምስል፦ ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን በሥዕል።]

ልዩነታቸው ከምን ይመጣል? ቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ይጨምቃል። ካንዴላው ብልጭ ሲል ድብልቁ ይቀጣጠላል። ናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ አስገብቶ እስኪግል ይጨምቀዋል። የጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ያለ ብልጭታ ይነዳል። ቤንዚኑ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ሲጨምቅ ናፍጣው 15 እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምቃል። ያን ሁሉ ግፊት ለመሸከም ብረቱ መወፈር አለበት፤ ስለዚህ ሞተሩ ይከብዳል። ነዳጁም በአንዴ ስለሚቀጣጠል ያ የምናውቀው ኳኳታ ይወጣል። በምላሹ ትንሽ ነዳጅ ጠጥቶ ብዙ ይጎትታል።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ መኪና እንይ። ቮልስዋገን ኢኦስ የምትባል ኮንቨርተብል አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣች፣ ጣሪያዋ ሸራ ሳይሆን ብረት። በሁለቱም ነዳጅ ተሠርታለች፤ እዚህ የማነጻጽራቸው ሁለቱም ሞተሮች 2.0 ሊትር ናቸው። ቱርቦ (አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) የሌለው ቤንዚን 150 የፈረስ ጉልበት አለው። የመጎተት ኃይሉ 200 ኒውተን ሜትር ነው። ናፍጣው 140 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የመጎተት ኃይሉ ግን 320። ያውም ሞተሩ ገና በደቂቃ 1,800 ዙር አካባቢ ላይ እያለ። ፋብሪካው በሚሰጠው ቁጥር 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ናፍጣው 6 ሊትር፣ ቤንዚኑ 8 ሊትር ገደማ ይበቃቸዋል።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያስገባው አየር ስለሚያንስ ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። 150 ተብሎ የተሸጠላችሁ ቤንዚን እዚህ ሲደርስ 125 አካባቢ ነው ማለት ነው። ቱርቦ ያለው አየሩን በግድ ገፍቶ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። የዘመኑ የቤት መኪና ናፍጣ ደግሞ ቱርቦ የሌለው የለም ማለት ይቻላል። አራት ሰው ጭናችሁ የቤዛዊትን አቀበት ስትወጡ ልዩነቱ በእግራችሁ ይታወቃችኋል። ናፍጣው ማርሽ ሳይቀይር ይወጣዋል። ቤንዚኑን ግን ማርሽ ቀንሳችሁ ማስጮህ አለባችሁ።

እዚህ ላይ ቆማችሁ ብትወስኑ ናፍጣ ትገዙ ነበር። አሁን ጣሪያውን እንክፈተው።

[ድምፅ፦ ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ። አምስት ሰከንድ ያህል ምንም ንግግር የለም።]

ሰማችሁት? ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ ይህ ድምፅ ታፍኖ ነው የሚደርሳችሁ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም ነፋሱ ይውጠዋል። በ20 ግን የሚውጠው ነገር የለም። ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር ተጋጭቶ ይመለስና በቀጥታ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። ሰርግ ላይ ጥሩምባውና እልልታው ይሸፍነዋል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እሑድ ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ጣና ዳር ስትሄዱ ግን እልልታ የለም።

ንዝረቱም አለ። ጣሪያ ዝናብ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን አካል አስሮ የሚይዝ ብረት ነው። ጣሪያው ሲነሳ ፋብሪካው ወለሉንና ጎኑን በተጨማሪ ብረት ያጠናክራል። ኮንቨርተብል ከባለ ጣሪያዋ የምትከብደው በዚህ ነው። ያም ሆኖ መላወሷ አይቀርም። ናፍጣው ቆሞ ሲሠራ ይህን መጀመሪያ የሚነግራችሁ የውስጥ መስታወቱ ነው። የፊት መስታወቱ ጫፍ ላይ ስለተሰቀለ ይርገበገባል። ከኋላ የሚመጣው አንድ ባጃጅ ሁለት ሆኖ ይታያችኋል።

ከሁሉም የሚብሰው ጭሱ ነው። ይህን ብዙ ሰው ስለማያስበው ትንሽ ልቆይበት።

[ምስል፦ የመኪና ሥዕል ከጎን። ነፋሱን የሚያሳዩ ቀስቶች ከፊት መስታወቱ በላይ አልፈው ከኋላ ይጠመዘዛሉ።]

መኪናዋ ስትሄድ አየሩ ከፊት መስታወቱ በላይ ዘሎ ያልፋል። ከመስታወቱ ጀርባ፣ እናንተ በተቀመጣችሁበት፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል። ያንን ለመሙላት አየር ከኋላ ወደ ፊት ተጠምዝዞ ይመጣል። ኮንቨርተብል ውስጥ ጸጉር ወደ ኋላ እንደመብረር ፊት ላይ የሚጠመጠመው ለዚህ ነው። ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚቆመው መረብም ይህን አየር ለመቁረጥ የተሠራ ነው። አሁን አስቡት፤ የመኪናዋ ማርሚታ የት ነው ያለው? ከኋላ። ፍጥነቱ ትንሽ ሲሆን፣ የጣናም ነፋስ ከጀርባ ሲገፋ፣ ከማርሚታው የወጣው ጭስ ተመልሶ ከእናንተ ጋር ይቀመጣል።

የሰርጉን ቀን አስቡት። ሙሽራዋ የኋላ ወንበሩ ራስ ላይ ከፍ ብላለች። (ከፍ ብሎ መቀመጡን አልወደውም፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የሚያስቀራት ነገር የለም። ግን ማን ይሰማኛል?) ቬሎዋ በታጠፈው ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ በኋላ በኩል ወርዷል። ጫፉ ከማርሚታው ብዙ አይርቅም። የደከመ ናፍጣ ከቆመበት ሲነሳ ሾፌሩ ነዳጅ ረገጥ ያደርጋል፤ ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይላል። ዳንቴሉ ላይ ያረፈው ጥቀርሻ ቅባት ስላለው ስታራግፉት አይሄድም፤ ስትጠርጉት ደግሞ ይሰፋል። ቬሎው የኪራይ ከሆነ በማግስቱ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ለእናንተ እተወዋለሁ።

“አዲሶቹ ናፍጣዎች እኮ አያጨሱም” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጭስ ማውጫቸው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ግን የያዘውን ጥቀርሻ በየጊዜው ማቃጠል አለበት። ለዚያ ደግሞ እስከ 600 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ያ ሙቀት የሚገኘው መኪናዋ ረዘም ላለ ጊዜ በደንብ ስትነዳ ነው። ከተማ ውስጥ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ጣና ዳር፣ ከዚያ ወደ ቤት ቢባል ሞተሩ ለራሱም በቅጡ አልሞቀም። ማጣሪያው ይደፈናል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች። አንዳንድ ጋራዥ ማጣሪያውን ቆርጦ አውጥቶ ይገላግላችኋል። ጭሱም ይመለሳል።

ለናፍጣም ፍርድ አልነፍገውም። በፀሐይ፣ በዝግታ፣ ሰልፍ ይዞ ሲሄድ ናፍጣ ሞተር ቶሎ አይግልም፤ ቆሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነዳጅ በጣም ትንሽ ነው። ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ) ያላቸው ቤንዚኖች ግን እዚህ ላይ ያሳፍራሉ። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነስተው እስኪመለሱ መኪናዋ በፀሐይ ትቆማለች። ሞተሩ እንደጋለ ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ይተናል፤ ከዚያ በሞተሪኖ ብትለምኗትም አትነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ እስክትቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ነዳጁ በፓምፕ ግፊት የሚረጭ ቤንዚን ይህ ችግር ብዙም የለበትም። ስለዚህ ቤንዚን ስል ካርቡራተር ማለቴ አይደለም።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ። በወር 500 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ እንበል። ቅድም ባየናት ኢኦስ ናፍጣው 30 ሊትር ይጠጣል፣ ቤንዚኑ 40። ልዩነቱ በወር 10 ሊትር ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚከለስ በብር አልነግራችሁም፤ በዕለቱ ታሪፍ ራሳችሁ አባዙት። ያንን ይዛችሁ አንድ መካኒክ ጋ ሂዱና የዘመናዊ ናፍጣ አራት ኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ) ማስቀየር ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ስንት ወር ብትቆጥቡ ያንን እንደምትሸፍኑ ያኔ ይገባችኋል።

ኖዝሉ ለምን ይበላሻል? ዘመናዊ ናፍጣ ነዳጁን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ በዓይን በማትታይ ቀዳዳ። ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ያንን ይፍቀዋል። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ደግሞ ሰው በጀሪካንና በሃይላንድ ነዳጅ መግዛቱ አይቀርም። በምን እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል? ቤንዚንም ይጎዳል፤ ግን ብዙ ጊዜ ጣጣው ካንዴላና ፊልትሮ ላይ ያልቃል። ናፍጣ የሚያውቅ መካኒክ እንደሆነ ሞልቷል። ግን እጁ የለመደው የአይሱዙንና የዶልፊንን ፖምፓ ነው። የአውሮፓ ኮንቨርተብል ናፍጣ ሌላ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ዕቃውም ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ መምጣት አለበት።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መኪናዋ ለሰርግና ለጣና ዳር ከሆነች ቤንዚን ግዙ። ከተገኘ ቱርቦ ያለው። ኢኦስን ካየን ቱርቦ ያለው ቤንዚኗ 200 የፈረስ ጉልበትና 280 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለቤዛዊት ይበቃል፣ ለቬሎውም አያሰጋም። ናፍጣ የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ጎንደር የሚመላለስ ሰው። 180 ኪሎ ሜትር ሄዶ ይመለሳል፣ ማጣሪያው ይቃጠላል፣ የሚቆጥበው ነዳጅም ቁም ነገር ይሆናል። ያ ሰው ግን አብዛኛውን መንገድ ጣሪያውን ዘግቶ ነው የሚነዳው፤ ፀሐዩና አቧራው መች ያስከፍተዋል?

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጣሪያዋ ጋራዥ ውስጥ የተቆረጠ መኪና ያጋጥማችኋል። የድሮዋ ቮልስ (ቢትል) ከሆነች ቢያንስ ወለሏ ለብቻው የተሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን መጠናከር አለበት። ኮሮላን የመሰለ መኪና ተቆርጦ ካያችሁ ግን ቤንዚን ነው ናፍጣ ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ ጥላችሁ ሂዱ። ለመለየት የፊት ጎማዋን በአንድ በኩል በክሪክ አንሱና በሩን ከፍታችሁ ዝጉ። ከተናነቀ ወይም ክፍተቱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ አካሏ ታጥፏል።

[ምስል፦ እጅ በኮፈን ላይ።]

ሻጩ ጋ ስትሄዱ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ፀሐይ ሳይነካው ሞቆ ካገኛችሁት ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ናፍጣ ሲደክም፣ ቤንዚንም ሲታመም፣ ጭሱና ኳኳታው ጎልቶ የሚወጣው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። “ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳታስነሳት” በሉት። ፊቱንም አብራችሁ እዩት።