መዝገቡንና ቁልፉን ሳስረክብ

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

እንደምን አደራችሁ። ላለፉት 12 ዓመታት በጸሐፊነት ስይዘው የኖርኩትን መዝገብ ዛሬ በዚህ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ለተተኪዬ አስረክባለሁ። ኮሚቴው «የሕይወት ልምድዎን ያካፍሉን» ብሎ 20 ደቂቃ ሰጥቶኛል። ሽማግሌ መድረክ ሲያገኝ ምን እንደሚከተል የምታውቁት ስለሆነ፣ እንዳላሰለቻችሁ በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ። ደግሞም የምናገረው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ስለ መተዳደሪያ ደንባችን የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥያቄዬ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ግን የሠራኋቸውን ሥራዎች ባጭሩ ማንሣት ይኖርብኛል።

የተወለድኩት በ1945 ዓ.ም. እዚሁ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ያ የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለትልልቆቹ የሥራ ቦታ፣ ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ ገበያ ነበር። ባቡሩ ወይም ሊትሪና የምንለው ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር ጣቢያው ላይ ሲቆም ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይዘን በየመስኮቱ እንሯሯጣለን። ጊዜው አጭር ነው። መልስ ሳይሰጥ ባቡሩ የተነሣበት ልጅ ሌባ ይባላል፤ ገንዘቡን ሳይቀበል የተነሣበት ደግሞ ቤቱ ገብቶ ይገረፋል። በሁለቱም በኩል ደርሶብኛል። ኦሮምኛም የለመድኩት እዚያው ነው፤ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን ወተትና ቅቤ ይዘው ከሚመጡት እናቶች። ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ማለት መሆኑን ስናገር ዛሬም የሚደነቁ ጎረቤቶች አሉኝ፤ አይፈረድባቸውም፣ እነርሱ ሲመጡ ኮረብታው በኮንዶሚኒየም ተሸፍኖ ነበር።

በ16 ዓመቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። ሥራዬ ፈትል ክፍል ነበር፤ ማሽኑ ሳይቆም የተበጠሰውን ክር እያዩ መቀጠል። ሌሊት ፈረቃ ወጥተን ስንመጣ ጸጉራችንና ሽፋሽፍታችን በጥጥ ብናኝ ነጭ ይሆን ስለነበር፣ እናቴ «ሽማግሌው መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የዚህ ዕድር የመጀመሪያ መዝገብ የተከፈተው በእኛው ፈረቃ ሰዎች እጅ ነው። ወርኃዊ መዋጮው 50 ሳንቲም ነበር። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሁሉም በአንድ ሳይረን የሚነቁ፣ በአንድ መንገድ የሚሄዱ፣ ከዕድሩ ጥሩንባ ድምፅ ርቀው የማይኖሩ ነበሩ። «ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል» የሚለው አንቀጽ የወጣው ለእነዚህ ሰዎች መሆኑን እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው ጠቅላላ አድማ ሲጀመር እኔም ከቆሙት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ የተሻለ የሚተርኩት ስላሉ አልፈዋለሁ። ለእኔ ኑሮ የቀረበው በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ቀበሌውም እየዞረ ኪራይ የሚሰበስብና መዝገብ የሚይዝ ሰው አስፈለገው። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ እኔ ተመረጥኩ። ወር በገባ ቁጥር የ3 ብርና የ5 ብር ኪራይ ለመቀበል በየበሩ ስቆም፣ የየቤቱን ችግር ሳልጠይቅ ዐወቅሁት። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ ማን ሁለት ወር እንዳልከፈለና ለምን እንዳልከፈለ የምጽፍበት ቦታ ግን በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ዓምዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ብር።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ኪራይ እየሰበሰብኩ ማታ ፊደል አስተምር ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የማስታውሰው አንዲት እናትን ነው። ኪራይ ሲከፍሉ ሁልጊዜ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነበር የሚፈርሙልኝ። በስድስተኛው ወር ኪራይ ልቀበል ስሄድ የቀለሙን ሳጥን ስከፍት «ዝጋው» አሉኝና እስክርቢቶውን ከእጄ ወስደው፣ ከበሩ መቃን ላይ መዝገቡን አስደግፈው ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ። አራት ፊደል ለመጻፍ የወሰደባቸው ጊዜ ቡና የሚያፈላ ነበር። የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጥቶ የጎረቤታቸው ስም ላይ ወጣ። ያን ገጽ ተቆጣጣሪ አይቶ «ምንድን ነው ይህ የተበላሸው?» ብሎኛል። እኔም አልተበላሸም ብዬ ተከራከርኩ፤ አሸነፍኩ ማለት ግን አልችልም።

ከዚያ በኋላ እስከ 1983 ዓ.ም. የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆንኩ። ከለገሃር ተነሥቶ በጎተራ፣ በሳሪስና በቃሊቲ አድርጎ አቃቂ በሚገባው መስመር ላይ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጬ ስንት ሰው እንዳየሁ መቁጠር አይቻለኝም። ግፊያውንና የኪስ አውላቂውን ነገር ትተን፣ ከዚያ ወንበር ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ለቅሷቸውን ርቀው የሚደርሱ ሰዎችን መለየት ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትገባ ሴት ገና ትኬት ሳትቆርጥ ተሳፋሪው ቦታ ይለቅላታል። «የት ነው?» ይላታል አንዱ፤ «አቃቂ፣ የአክስቴ ልጅ» ትላለች፤ አውቶቡሱ በሙሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ሳሪስ ወይም ቂርቆስ ስለሚኖር ብቻ ለቅሶ ደራሽ አይደለም የሚል ሰው በዚያ ዘመን አልሰማሁም።

የመጨረሻውና ረጅሙ ሥራዬ ንብረት ክፍል ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ከ20 ዓመት በላይ ሠርቼ በ2005 ዓ.ም.፣ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19 ቅጽ፣ ሲወጣ በሞዴል 22፤ እያንዳንዱ ዕቃ ቢን ካርድ በሚባለው የመቆጣጠሪያ ካርዱ ላይ ወጪ፣ ገቢና ቀሪ ይጻፍለታል። በዚህ ሥራ የሠራሁትን ስሕተት ለልጆቼ እንኳ የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ 40 የመኪና ጎማ መጣ። ዝናብ ነበር፤ ሾፌሩም ይቸኩላል። ጎማዎቹ አምስት አምስት ሆነው ስለተደረደሩ ድርድሩን ብቻ ቆጥሬ፣ ስምንት ነው ብዬ ፈረምኩ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ 38 ሆኖ ተገኘ፤ ከድርድሮቹ ሁለቱ ባለ አራት ነበሩ። የሁለቱ ጎማ ዋጋ ከደመወዜ በየወሩ እየተቆረጠ ከ1 ዓመት በላይ ከፈልኩ። የወሰደው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ የፈረመው ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልቆጥር ፈርሜ አላውቅም፤ ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሱቅ ያመጣችልኝን ዳቦ ሳይቀር ትቆጥራለህ እያለች ታላግጥብኝ ነበር።

እርሷ ያረፈችው እኔ የዚህ ዕድር ጸሐፊ በሆንኩ በአራተኛው ዓመት ነው። በዚያ ሌሊት ጥሩንባው በገዛ ደጄ ተነፋ። በማግሥቱ ድንኳኑ ሲተከል፣ ንፍሮው ሲወጣ፣ ወንዶቹ አግዳሚ ሲደረድሩ ሁሉንም እንደ ሩቅ ሰው አየሁት። ከሠልስት በኋላ ግን የዕድሩ የወጪ ሰነድ መሞላት ነበረበት፤ ሌላ ጸሐፊ አልነበረምና የባለቤቴን ስም በሟች ዓምድ፣ የራሴን ስም በተቀባይ ዓምድ ሁለቱንም በእጄ ጻፍኩ። ገንዘብ ያዡ ከጎኔ ቆሞ ምንም አልተናገረም፤ ማኅተሙን ብቻ አቀበለኝ። ያን ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ቤታቸው አቃቂ አልነበረም። ዕጣ ደርሷቸው ሩቅ ኮንዶሚኒየም የገቡ፣ ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ ለቡ የሄዱ፣ ቤታቸው ለልማት ስለተነሣ ሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወሩ ነበሩ። ሦስት ታክሲ ተሳፍረው መጥተው ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት በሦስት ለቅሶ ላይ ያለ ፈቃድ ያልተገኘ አባል ይሰረዛል። ባለፈው ዓመት በዚህ አንቀጽ ምክንያት የአባላትን ስም በቀይ እስክርቢቶ እንድሰርዝ ተደርጌያለሁ። ታዝዤ ሰርዣለሁ፤ ግን አላመንኩበትም። ከእነዚህ ውስጥ ለ30 ዓመት አንድም ወር ሳያጓድሉ የከፈሉ አሉ። ጥሩንባ የሚሰማበት ርቀት አንድ ነገር ነው፤ አባልነት ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ጥሪው በስልክ ይደርሳል፤ ሰውየው ግን ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ለማለዳ ቀብር ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ርቀው ለሚኖሩት በቀብሩ ላይ መገኘት ቀርቶላቸው እስከ 40ኛው ቀን ድረስ ሐዘንተኛውን ቤቱ ሄደው ቢጠይቁ እንዲበቃ፣ የተሰረዙትም እንዲመለሱ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው የጥያቄዬ ክፍል ስለ መጪዎቹ ነው። በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ እኛ አካባቢ የገቡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ለቅሶ ሲደርስባቸው ድንኳን የሚያመጣላቸው ዛሬም አራት ኪሎ ወይም ልደታ ያለው የድሮ ዕድራቸው ነው። ያ ዕድር ርቃችኋል ብሎ አልሰረዛቸውም፤ እኛ ግን የራሳችንን ሰው ሰርዘናል። መጪዎቹ ከእኛ ጋር መግባት ቢፈልጉም የመግቢያ ክፍያው አላስጠጋቸውም። ይህን ክፍያ ያሰላነው የዕድሩን ንብረት በአባላት ቁጥር አካፍለን ነው፤ ንብረቱን የተመንነው ግን በዛሬው የአዲስ ዕቃ ዋጋ ነው። እኔ የንብረት ሰው ነኝ። ትልቁ ድንኳናችን 11 ዓመቱ ነው፤ በስተቀኙ ከመግቢያው አጠገብ ሁለት መጣፊያ አለበት፤ ዝናብ ሲዘንብ ከየትኛው ወንበር መነሣት እንዳለባችሁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ድንኳን በአዲስ ዋጋ አስልቶ ለጎረቤት መሸጥ በማንኛውም ግምጃ ቤት ያስጠይቃል። የእርጅና ተቀናሽ ይደረግለትና ክፍያው እንደገና ይሰላ፤ የቀረውም በወር በወር ይከፈል።

«አዲሶቹን አናውቃቸውም» የሚል ድምፅ በኮሚቴው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እዚህ የተወለድኩ ነኝና ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ሰፈር ፋብሪካው ሲከፈት ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከወላይታና ከየትም የመጣ ሰው የሞላው ሰፈር ነው። እርሻቸውን ለቤትና ለመንገድ አስረክበው በካሳ የተነሡት ገበሬዎች ቢጠየቁ፣ እነርሱም እኛን «አናውቃቸውም» ማለት ይችሉ ነበር። አንዳንዶቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወጣት ሳለን ወንዝ ወርደን የዕድሩን ድንኳን ስናጥብ ማድረቂያ ሜዳ የሰጡን እነርሱ ናቸው። አሁንስ አቃቂ ወንዝ ድንኳን ያጠበ ሰው አቆሽሾት ነው የሚመለስ፤ ሜዳውም የለም።

ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ ስለዚህ ወደ ርክክቡ እንለፍ። ተተኪዬ ወጣት ናት፤ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እንደምታስገባው ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። የምለምናት በየስሙ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንድትከፍት ነው፤ እኔ ከቀበሌ ጀምሮ ሳላገኘው የቀረሁትን፣ «ለምን እንዳልመጣ» የሚጻፍበትን።

ልጄ፣ አሁን እንድትፈርሚ አልፈቅድልሽም። ስብሰባው እንዳለቀ አብረን ዕቃ ቤት እንወርዳለን። መዝገቡ 3 ድንኳን፣ 84 አግዳሚ ወንበር፣ 9 ትልልቅ ድስትና 216 ሳህን ይላል። ትናንት ማታ ብቻዬን ስቆጥር ሳህኑ 214 ሆነብኝ። አንዱ እኔ ቤት ነው፤ በባለቤቴ ሙት ዓመት ወስጄው ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፣ ከወንበሬ ሥር ነው። ሁለተኛው እናንተ ውስጥ ካላችሁት ከአንዳችሁ ቤት ነው፤ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ ዕቃ ቤቱ እስከ 8 ሰዓት ክፍት ነው።