ክራክ ጌም የማንን ገበያ ይበላል?

ሊያ፦ የዛሬው ወሬያችን ክራክ ጌም ነው፤ መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚዞረው። ሄኖክ፣ ፍላሽ ይዘህ ሄደህ ጌም አስጭነህ ታውቃለህ አይደል?

ሄኖክ፦ የማያውቅ ማን አለ! ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ጌም የሚሸጥበት የኦንላይን ሱቅ፣ ፕሌይስቴሽን ስቶር፣ ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ የለችም። በብር ካርድ ከውጭ መግዛትም ለብዙው ሰው አይታሰብም።

ሊያ፦ እና ኩባንያው ካንተ ምን አጣ?

ሄኖክ፦ ምንም። ሱቁን ዘግቶብኝ ሲያበቃ ገበያ ነሳኸኝ ሊለኝ አይችልም።

ሊያ፦ ላንተስ እሺ። ካርዱም ገንዘቡም ያለው የበርሊን ልጅ ሲያወርድስ?

ሄኖክ፦ እሱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ጥናት ወጥቷል። ዴኑቮ የሚባለው የኮፒ መከላከያ መቆለፊያ ያለባቸውን፣ ስቲም በሚባለው የኦንላይን ሱቅ የሚሸጡ 86 ጌሞች የተመለከተ ነው። ጌሙ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ክራክ ከተደረገ ገቢው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ12 ሳምንት በኋላ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም።

ሊያ፦ ይጎዳል ማለት ነዋ!

ሄኖክ፦ ሲጀምር፣ አዎ። የአውሮፓ ኮሚሽን 360,000 ዩሮ ከፍሎ ያስጠናው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አልቆ ሕዝብ ያየው በ2017 ነው፤ ያውም አንዲት የፓርላማ አባል ወጥራ ስለጠየቀች። ከአዳዲስ ትልልቅ ፊልሞች በቀር ሕገወጥ ኮፒ ሽያጭ እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም።

ሊያ፦ ደብቀውት ነበራ!

ሄኖክ፦ እሱን አንቺ አልሽ። ማስረጃ አልተገኘም ማለት ጉዳት የለም ማለት እንዳልሆነም ጥናቱ ራሱ ይናገራል።

ሊያ፦ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የፖላንዶቹ ነገር ይገርመኛል። ሲዲ ፕሮጀክትን ታውቀዋለህ፣ ዊቸር የሚባለውን ጌም የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዋርሶ ውስጥ ሲጀምር ሥራው ጌም እያስመጡ መሸጥ ነበር። ገበያው ደግሞ ኮፒ በኮፒ ነው። በ1999 ባልደርስ ጌት የሚባለውን ጌም ሲያወጡ ምን አደረጉ? በታወቁ የፖላንድ ተዋንያን ድምፅ፣ በራሳቸው ቋንቋ ሠሩት። ካርታ፣ መጽሐፍ፣ የሙዚቃ ሲዲ፣ ሁሉንም ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። በመጀመሪያው ቀን 18,000 ተሸጠ።

ሄኖክ፦ ያንን የኮፒ ነጋዴው ከየት ያመጣዋል!

ሊያ፦ በቃ! ከኮፒው የተሻለ ነገር ሸጡ። ዛሬ አንዳንዱ ኩባንያ የሚያደርገው ግልብጡን ነው።

ሄኖክ፦ ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅን ልትይ ነው?

ሊያ፦ አዎ፣ የ2021ዱ። ከፍሎ የገዛው ሰው ፒሲ ላይ ዞምቢ ሲተኩስ ጌሙ ይንቀረፈፍበታል። ክራኩን ያወረደው ግን ያለችግር ይጫወታል። ጥፋቱ የመቆለፊያው ሆኖ ተገኘ። የጌሙ ሠሪ ካፕኮም ያስተካከለው ክራኩ ከወጣ በኋላ ነው።

ሄኖክ፦ የገዛው ሰው ምን ይሰማው ይሆን?

ሊያ፦ እኔ ብሆን ገንዘቤን መልሱ ነበር የምለው። ክራኩን አላወርድም አልልም፤ ከፍያለሁ እኮ!

ሄኖክ፦ ኸረ ይሄ እየተቀዳ ነው!