በሦስት ፒስተን ሽቅብ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ መኪናዬ ላወራ ነው። መኪና የማይወድ ካለ ይታገሰኝ፤ የማወራው ስለ ሰውም ጭምር ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ሚስ ካደረገ፣ ማለትም ሞተሩ ምት እየዘለለ ከሠራ፣ የመጀመሪያው ተከሳሽ ደጋው ነው። «ከፍታው ነው፤ አየር የለም፤ ካርቡራቶሬውን አስተካክል» ይሉሃል። የባጃጁም ልጅ፣ መኪና አጣቢውም፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው አጎትህም። ክሱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከተማችን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3000 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሬው (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ቤንዚን ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበት ይወርዳል።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ደጋው አድልዎ አያውቅም። አራት ፒስተን ካለህ አራቱንም እኩል ነው አየር የሚነፍጋቸው። የእኔዋ ግን የምትስተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ሦስት ምት ትመታለች፣ አንዱን ትዘላለች። እጄን ኮፋኖው ላይ ሳሳርፍ ዝላዩ መዳፌ ላይ ይቆጠራል። ከደብረ ሲና ሽቅብ ስንወጣማ ባሰባት፤ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ይቀድመናል። ስፖርት መኪና ናት እንግዲህ!

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ሞዴሉ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ከዚያ በፊት የፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ ሰው። ይህን ለጉራ ነው የነገርኳችሁ፤ ለሚሱ ምንም አይጠቅምም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሳይከፍቷት «ካንዴላ ይቀየር፣ ኮይል ይቀየር፣ ካርቡራቶሬ ይቀየር» ብለው ጻፉልኝ። ካንዴላ ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ነው፤ ኮይል ደግሞ ለእሱ ኃይል የሚሰጠው። ለዚች መኪና ዕቃ ማግኘት ማለት ከጣሊያን የሚመጣ ዘመድ መለመን ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ የኤንትሬ መካኒክ ነበሩ። ያ ትልቁ የፊያት ጭነት መኪና፤ ታስታውሱታላችሁ። ኤንትሬ ናፍጣ ነው፣ ካንዴላ የለውም። እሳቸው ግን ሳቁብኝ። «የቱ ፒስተን እንደሞተ ለማወቅ የናፍጣውን ቱቦ ተራ በተራ ላላ እናደርጋለን። ሲላላ ድምፁ ካልተለወጠ ቀድሞም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ያንተም ያው ነው። አስነሳት!»

አስነሳኋት። የካንዴላውን ኬብል ሽፋን ባለው ፒንሳ አንድ በአንድ ነቀሉ። አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲነቀል ምንም። ያቺው ናት። (ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ያለው መኪና ላይ ይህን እንዳትሞክሩ፤ ዕቃ ይቃጠላል፤ እናንተንም ይመታችኋል።)

ካንዴላው ወጣ። እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ቤንዚን ደርሶታል፣ እሳት አልደረሰውም ማለት ነው። ደረቅና ነጭ ቢሆን ኖሮ የቤንዚን እጥረት ወይም የሚያስገባው አየር እንፈልግ ነበር። ዘይት ቢቀባ ደግሞ የፒስተን ፋሻ። ጋሼ ካንዴላውን ከሁለተኛው ጋር አቀያየሩት። ሚሱ አልተከተለውም፣ ሦስተኛው ላይ ቀረ። ኬብሉንም አቀያየሩ፤ አሁንም ሦስተኛው ላይ። አንድ ብር ሳናወጣ ሁለት ተጠርጣሪ በነጻ ተለቀቀ። እንዲህ ዓይነት ነገር በጣም ያስደስተኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ ለኩ። ንባቡን ሳይ ክው አልኩ፤ አራቱም ፒስተን የመኪናዋ መጽሐፍ ከሚለው እጅግ ያንሳሉ። «ሞተሩ አለቀለት!» አልኩ። ጋሼ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «መጽሐፉን የጻፉት ደብረ ብርሃን ላይ ነው?» እውነታቸውን ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ያገኘውን ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ፒስተን የሚነጻጸረው ከወንድሞቹ ጋር ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ደህና ናቸው። የእኔዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። ይህን ባላውቅ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አስወርድ ነበር።

የቀረው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነው፤ ዲስትሪቢዩተር እሳቱን ለአራቱም ካንዴላ በተራ የሚያድል ዕቃ ነው። ጋሼ «ሲመሽ ና» አሉኝ። ሲመሽ መብራት አጥፍተን ኮፋኖውን ከፈትን፣ ሞተሩን አስነሳን፣ በሚረጭ ጠርሙስ ትንሽ ውኃ ብን አደረጉበት። ሰማያዊ ብልጭታ ከሦስተኛው ኬብል ሥር ተነሥታ ወደ ብረቱ ስትሮጥ አየናት። ካንዴላው ጋ መድረስ የነበረበት እሳት ውጭ እየፈሰሰ ነበር። ክዳኑ ሲፈታ ውስጡ በእርሳስ የተሰመረች የመሰለች ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። ስንጥቅ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ የሚብሳት ለዚህ ነበር። ዳገቱም እንዲሁ፤ ነዳጅ ስትረግጥ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ስለሚበዛ እሳቱ እዚያ መዝለል ይከብደዋል፣ በቀለለው በኩል ያመልጣል።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ደጋው ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። በሳሳ አየር እሳት ውጭ ለውጭ መዝለል ይቀለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖችም በዚሁ ስለተቸገሩ ማግኔቶአቸው (እሳቱን የሚያመነጨው ዕቃ) ውስጥ አየር ይታመቅላቸው ነበር። ግን ስንጥቁ ባይኖር ደጋው ብቻውን ሦስተኛውን መርጦ አይነካም።

ክዳኑ ከነሮተሩ (ከክዳኑ ሥር እየዞረ እሳቱን ከሚያድለው ዕቃ ጋር) በአንድ ዘመድ ሻንጣ መጣ። ሚሱ ጠፋ፤ ጥቁር ጭሱ ግን አለ። እሱ የአራቱም ነው፣ እሱ የካርቡራቶሬ ጉዳይ ነው።

እናንተም ክዳን የምትቀይሩ ከሆነ ኬብሎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉባቸው። የእኔዋ ፒስተኖች እሳት የሚያገኙበት ተራ 1-3-4-2 ነው። ሁለቱን ካቀያየራችሁ አዲስ ሚስ በእጃችሁ ሠራችሁ። ካርቡራቶሬውን በሌላ ክፍል አወራላችኋለሁ፤ ጋሼ ከፋሲካ በኋላ ና ብለውኛል። ቻው!