ለደሴ አዲስ ገቢዎች፦ ከሥጋው በፊት ሽሮው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሆድና ስለ ጎረቤት ነው። ከበስተጀርባ የምትሰሙት ድምፅ የቆርቆሮ ጣሪያችን ነው፤ ዝናቡ ጀምሯል። እስኪያባራ ብጠብቅ ክረምቱ ማለቁ ነውና እንደምንም ተቻቻሉት።

ግቢያችን ውስጥ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ነርሷም፣ ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው መሐንዲስም ገብተው ወጥተውባቸዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ፣ የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሻንጣ ይዞ ሰፈራችን የሚገባ እንግዳ በርክቷል። ታዲያ ሁሉም ዕቃውን አውርዶ ሳይጨርስ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እዚህ አካባቢ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ከማን ጋር ልትበላ ነው?»

ፌዝ የሚመስላቸው አሉ። ፌዝ አይደለም። ደሴ ውስጥ የት እንደሚበላ የሚወስነው አብሮ የሚበላው ሰው ነው።

ሥጋ ቤቶቻችንን ልብ ብላችሁ እዩ፤ በራቸው ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል አለ። ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። ይህ በሌላውም የሀገራችን ክፍል ያለ ልማድ ነው። እዚህ ግን ሁለቱ በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ሐጂ ናቸው፤ እናቴ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። በስም መገመትም አያዋጣም፤ የአባቱ ስም ዓሊ የሆነ ቀዳሽ፣ የአያቷ ስም ወልደ ሚካኤል የሆነ ሂጃብ ለባሽ ብታገኙ አትደነቁ። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቻችሁን ምሳ ልጋብዝ ብላችሁ ቀጥታ ወደ ጥብስ ቤት ብትመሯቸው ከመካከላቸው ግማሹ ለስላሳ አዝዞ ይቀመጣል። ደግሞም ምንም አይላችሁም። የወሎ ሰው ይሉኝታው ብዙ ነው፤ «ቁርሴን አርፍጄ ነው የበላሁት» ብሎ ያልፈዋል።

ሥጋ ከራስ ወገን ጋር ይበላል። ከሰው ሁሉ ጋር የሚበላው ሽሮው፣ በየዓይነቱ፣ ፉሉ፣ የሐይቁ ዓሣ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ሽሮ የሚያዝዘው ወር መጨረሻ ላይ፣ ኪሱ ሲሳሳ ይሆናል። እዚህ ግን ሽሮ የእንግዳ ምግብ ነው። አንድን ምግብ ቤት ለመመዘን የምፈልግ ከሆነ እኔ ሽሮውን አዝዛለሁ፤ ጥብስ በቅቤና በሥጋው ይሸፈናል፣ ሽሮ የሠሪውን እጅ አይደብቅም። ድስቱ ከእሳት ወርዶም እየተንተከተከ ካልቀረበ፣ እንጀራው ዳር ዳሩ ከደረቀ፣ እዚያ ቤት ክትፎው ያምራል ቢባልም አልመለስበትም።

ፉሉን ለማየት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ፒያሳ ውጡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ጆሮ በብርድ ቀልቶ ነው ፉል የሚበላው። ባቄላው ሌሊቱን ሲቀቀል አድሮ ልጣጩ ለቋል። ሰውየው በጭልፋ ሳህን ላይ ይገለብጥና በጠርሙስ ቂጥ ይደፈጥጠዋል፤ ጨርሶ አያደቅቀውም፣ ጥርስ የሚይዘው ፍሬ ይተዋል። ከዚያ መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ ዘይትና በርበሬ ያፈስበታል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበትንበታል። እንቁላል ወይም እርጎ የሚያስጨምር አለ፤ የምትጾሙ ከሆነ አስቀድማችሁ «የጾም» በሉት፣ እጁ ፈጣን ነውና። ዳቦው ትኩስ ሆኖ ይመጣል።

ወንበር ስለማይበቃ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ መጋራታችሁ አይቀርም። ያ ሰው ሳህኑ ሲመጣለት ቀና ብሎ «እንብላ» ይላችኋል። እንግዶቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ይቀራሉ። ሰውየው ሳህኑን እንድትቀሙት አልጠየቃችሁም፤ «ይባረክ፣ ብላ» ብትሉት በቂው ነው። በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም ይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ደሴ ውስጥ የምታውቁት ሰው አላችሁ ማለት ነው። ከተከራዮቻችን አንዱ እስኪለቅ ድረስ ምሳና እራቱን ሆቴል ውስጥ ጥግ ይዞ እየበላ «የደሴ ሰው ቶሎ አይቀርብም» ሲል ይኖር ነበር። ለስንት «እንብላ» ዝም እንዳለ እሱ አልቆጠረውም፤ ሰፈሩ ግን ቆጥሮለታል።

ሰዓትና ቀኑንም ልመዱ። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ቤት የጾም ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ምሳችሁን ወይ ቀደም ወይ ዘግየት አድርጉት። ሰኞ፣ ስሙ እንደሚነግራችሁ፣ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወጡበት ቀን ነው፤ ሽንኩርትና እህል ከገጠር የሚገባው ያን ዕለት ነውና የሳምንቱን አስቤዛ ለሌላ ቀን አታቆዩት። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጠዋት ፉል ስትበሉበት የነበረው ቤት ቀኑን ሙሉ ዝግ ይሆንና ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መንገዱ ዳር ሁሉ የሳምቡሳ መጥበሻ ይሆናል። ያኔ የከተማው እንቅልፍ ይገለበጣል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ከነሙሉ ቀኑ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ፤ ሥጋ ቤቱ ጭር ሲል ምስር የተሞላ ሳምቡሳ ግን ለሁለቱም ጿሚ እኩል ይሸጥ ነበር። እኔ በበኩሌ እንደዚያ ዓመት ያለ የሁዳዴ እራት በልቼ አላውቅም።

በዚያ ወር በራችሁ ይንኳኳል። የጎረቤት ልጅ በሳህን ተሸፍኖ የተላከ ነገር ይዞ ይቆማል፤ ሳምቡሳ፣ ተምር፣ አንዳንዴ ሾርባ። ተቀበሉ። ሳህኑ ግን ባዶውን አይመለስም። መሐንዲሱ ተከራያችን ምስጋናውን ለመግለጥ ሳህኑን በሳሙና ፈትጎ፣ አድርቆ፣ አብለጭልጮ ሊመልስ ሲወጣ እናቴ በር ላይ አገኘችው። ምንም አላለችውም። ሳህኑን ከእጁ ተቀብላ ገባች፣ የጾም ዳቦ ቆርሳ ደረደረችበት፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና መልሳ አስጨበጠችው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም ነበር፤ ለሳህን መመለሻ።

ድግስም ያጋጥማችኋል፤ የሰፈር ሰው ድግስ ሲኖረው አዲስ ተከራይን አይዘልም። ሙስሊሙ ልጁን ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ በግ ወይም በሬ ለይቶ ይሰጣል፤ ክርስቲያን ጎረቤት ያርዳል፣ በተለየ ድስት ይሠራል፣ በተለየ ዳስ ይቀርባል። ክርስቲያኑ ሲደግስም እንደዚያው። መጠጡም ይለያል፤ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ። በር ላይ «በየትኛው በኩል ናችሁ?» ብለው ቢጠይቋችሁ ቅር አይበላችሁ። የሚጠይቁት የማትበሉትን እንዳያቀርቡላችሁ ነው። ስለ ወሎ መቻቻል በየመድረኩ ብዙ ይባላል፣ ግጥምም ይነበባል፤ እኔ ግን ከግጥሙ ይልቅ በሁለት ድስት የሚደክሙትን ሴቶች አስባለሁ። ድርብ ድካም ነው፣ ድርብ ወጪ ነው፣ ድርብ ዕቃ መዋስ ነው። ይህች ከተማ ከጥንትም ግብር አብልታ የኖረች ናት፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል። በዚያ ዘመንም ወጡን የሠሩት እነማን እንደነበሩ ቢጻፍልን ደስ ባለኝ።

ቡናው ዋናው በር ነው። በአጥር ላይ «ቡና ጠጡ» ተብላችሁ ስትጠሩ ሥራ አለብኝ አትበሉ፤ ከገባችሁም በአቦሉ አትውጡ፣ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ሰዓታችሁን ትበላለች፣ አውቃለሁ። ጭሱ ልብሳችሁ ላይ ያድራል። በመካከሉ አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ይጀምራሉ፤ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለተፈታኙ ልጅ፣ ለዝናቡ። በአንዱ ወገን አሚን፣ በሌላው አሜን ይባላል። ከምርቃቱ ቀጥሎ ተራው የእናንተ ነው፦ የማን ልጅ ናችሁ፣ ከወዴት መጣችሁ፣ አገባችሁ ወይ፣ ደመወዙ ይበቃል ወይ። እንግዶች ምርመራ ይመስላቸዋል። እነሱ ግን የሚያውቁት ሰው ሲሆን ነው የሚረዱት። ጥሩ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ ውኃ ሲጠፋ ሮቶ ያለው ግቢ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ሌሊት የሚነሳ ባለ ባጃጅ፤ ይህ ሁሉ የሚገኘው እዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ነባር ሰፈር ዓይን አለው። ነርሷ ተከራያችን የሌሊት ተረኛ ሆና ንጋት ላይ ስትገባ ያዩ ሴቶች ማንሾካሾክ ጀመሩ። እናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው፤ ልጅቷንም አስጠራች፣ ሌሊቱን ስንት ሕፃን እንዳዋለደች በራሷ አፍ እንድትነግራቸው አደረገች። ወሬው በዚያው ከሰመ፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ በንጋት አጥሚት የሚያቀብሏት እነሱው ሆኑ። ቢሆንም አንዲት ሴት ሠርታ ለመግባት ለሰፈር ማስረዳት ያለባት መሆኑ አይዋጥልኝም። ለብቻችሁ የምትኖሩ ሴቶች፣ ቡናውን ቶሎ ግቡበት የምላችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

ከቆያችሁ ደግሞ ቅሬ ግቡ። በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው ነው። ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። ወጣቶቹ ተከራዮች «እኔ የሚሞትብኝ ሰው እዚህ የለኝም» ይላሉ። ለራሳችሁ ብቻ መስሏችሁ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ሆኖ፣ አንዱ የሌላውን አስከሬን ተሸክሞ፣ አንዱ መካነ መቃብሩ በር ላይ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ታያላችሁ። ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮና ቡና ነው፤ ንፍሮ ማንም ያረደው አይደለምና ሁሉም ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል። በዚያ ሰፌድ ዙሪያ የተቀመጠ ተከራይ ቤት ቢለቅ እንኳ ሰፈሩን አይለቅም። መምህሩ ይኸው አሁን ሸዋ በር አካባቢ ነው የሚኖረው፤ መዋጮውን ግን የሚከፍለው እኛ ዘንድ መጥቶ ነው።

ባልደረቦቼን የት ልጋብዝ ብላችሁ የቀረችውን ጥያቄ ልመልስና ላብቃ። ቅዳሜ ይሁን። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱና ሐይቅ ከተማ ውረዱ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው፤ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶቹ ሐይቁ ዳር ይጠብቃሉ፣ ቅሬታችሁን ለእኔ አታምጡ። ዓሣው ግን ጨረቃም መስቀልም አይለጠፍበትም። በጾም ወቅት ከሆነ ዓሣ የማይበሉ ክርስቲያኖች አሉና አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለእነሱ ሽሮ ይታዘዛል። ጉላሹን እንደገባችሁ እዘዙ፣ ይቆያል። ጥብሱን ሙሉውን አስጠብሱት፣ ተቆራርጦ ሲመጣ ይደርቃል። ሚጥሚጣና ሎሚ ለብቻ ይምጣ በሉ። ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» የሚል ግብግብ መነሳቱ ስለማይቀር፣ ጋባዡ እናንተ ከሆናችሁ እጅ ልታጠቡ የተነሳችሁ መስላችሁ ቀድማችሁ ክፈሉ።

ዝናቡም አባራ። ደኅና ሰንብቱ።