ኮከቡን ያገነኑት እጆች
(ለአውቶሞቲቭ ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና እንግዶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ የምትመረቁ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

ስለ አንድ መኪና አምራች እንድናገር ስጠየቅ መርሴዲስ ቤንዝን ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። ኮከቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ላይ አይታችሁታል፣ ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ አይታችሁታል። ብዙ ሰው ኮከቡን ሲያይ ትዝ የሚለው ገንዘብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ኮፈኑን ከፍቼ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት። ይህ መኪና እስከ ዛሬ የተወደደው መንገድ ላይ ወጥተው ጉድለቱን ያዩ፣ አይተውም ያስተካከሉ ሰዎች ስለነበሩት ነው ብዬ አምናለሁ። ከእነሱ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በሁለት ከተሞች ነው። ማንሃይም ውስጥ ካርል ቤንዝ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሽቱትጋርት አጠገብ፣ ካንሽታት በምትባል ከተማ ደግሞ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ ይሠሩ ነበር። እነዚህኞቹ የሚሠሩት በዳይምለር ግቢ ባለች የአትክልት ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተው ነው። ሌት ተቀን የብረት ድምፅ የሰለቸው አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩ መስሎት ለፖሊስ ጠቆመ። ፖሊስ ገብቶ ሲፈትሽ ያገኘው ሞተር ብቻ ነበር።

ቤንዝ ቀደመ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን በፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ቁጥር 37435 አስመዘገበ። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፣ ጉልበቱ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳን አይሞላም፣ በሰዓት የሚሄደው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ማን ይግዛው? ሰዉ ፈራው። ካርል ደግሞ ጎበዝ መሐንዲስ እንጂ ነጋዴ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ሚስቱ በርታ ቤንዝ የምትመጣው። በርታ ቀድሞውንም የድርጅቱ ምሰሶ ነበረች። ገና ሳይጋቡ አባቷ ለትዳሯ ያዘጋጁላትን ገንዘብ አስቀድማ ተቀብላ፣ ካርል ያስቸገረውን ሸሪክ ድርሻ ከፍሎ እንዲያሰናብት ሰጥታዋለች። በኦገስት 1888 አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ባሏን ሳትቀሰቅስ፣ ከሁለቱ ልጆቿ ከኦይገንና ከሪቻርድ ጋር መኪናውን አስነስታ ወጣች። የምትሄደው እናቷ ዘንድ፣ ፕፎርዝሃይም ነው። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ዓይነት ርቀት በመኪና የሄደ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

እስቲ በሙያ ዓይን ተመልከቱት። ማደያ የለም። ነዳጁ ሊግሮይን የሚባል፣ ሰው ልብስ የሚያጸዳበት ፈሳሽ ነው፤ የሚሸጠው ፋርማሲ ነው። ቪስሎህ ከተማ ደርሳ ከፋርማሲ ገዛች። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በኮፍያዋ መርፌ ከፈተችው። የእሳቱ ሽቦ ተፋፍቆ ሲጋለጥ የካልሲዋን ማሰሪያ አውልቃ ጠቀለለችበት። ዳገት ሲመጣ ልጆቹ ወርደው ይገፋሉ። ቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። እናንተ የፍሬን ሸራ ማስቀየር የምትሉት ሥራ የተጀመረው እዚያ፣ በጫማ ሰፊ እጅ ነው! ማታ ላይ ፕፎርዝሃይም ገብታ ለባሏ ቴሌግራም አደረገች።

ስትመለስ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ ያስፈልጋል አለች። ተጨመረ። በኔ እምነት የዚህ ድርጅት እውነተኛ ልደት ፓተንቱ የተመዘገበበት ቀን ሳይሆን ይህ ጉዞ ነው። መኪናው ወጣ፣ ተበላሸ፣ ተጠገነ፣ ተሻሽሎ ተመለሰ።

ስሙ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ኤሚል የሊኔክ የሚባል ኒስ ከተማ ይኖር የነበረ የኦስትሪያ ነጋዴ ነው ያመጣው። የዳይምለርን መኪኖች ለሀብታሞች ይሸጥ ነበር። ፈጣን፣ ግን ደግሞ ከመሬት ዝቅ ያለና የማይገለበጥ መኪና ሥሩልኝ፣ ስሙንም በልጄ በመርሴዲስ ጥሩት ብሎ በ1900 ትልቅ ትዕዛዝ ሰጠ። ማይባህ የሠራው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መኪና በ1901 ኒስ ላይ ተወዳዳሪ አጣ። ባለ ቀፎ ቅርጹ ራዲያተር፣ ዝቅ ያለው አካል፣ ከፊት የተቀመጠው ሞተር፣ ዛሬ መኪና የምንለውን መልክ የያዘው ያኔ ነው። ኮከቡን ደግሞ የዳይምለር ልጆች አባታቸው ድሮ ለእናታቸው በላኩት ፖስት ካርድ ላይ ከሳሏት ኮከብ ወሰዱትና በ1909 ተመዘገበ። ሦስቱ ጫፎች የብስ፣ ባሕርና አየር ናቸው። የቤንዝና የዳይምለር ድርጅቶች በ1926 ተዋሃዱ።

ስለዚህ ድርጅት የሚናገር ሰው የማይዘለው ምዕራፍም አለ። በናዚ ዘመን ዳይምለር ቤንዝ ለጦርነቱ ሞተርና መኪና ያመርት ነበር። በ1944 ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ በግዳጅ የመጡ ሲቪሎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ። ኮከቡን የሚወድ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት። ተቋም በእጁ ጎበዝ ሆኖ በኅሊናው ሊወድቅ ይችላል፤ ይሄኛው ወድቋል።

ከጦርነቱ በኋላ የተሠራውን 300 ኤስኤልን አንዳንዶቻችሁ በፎቶ ታውቁታላችሁ። በ1954 ኒው ዮርክ ላይ የታየው፣ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት መኪና ነው። ሰው ለውበት የተደረገ ይመስለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሻንሲው፣ የመኪናው አጥንት ማለት ነው፣ ከቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደ ነበር። ቀላልና ጠንካራ እንዲሆን ቱቦዎቹ በጎን ከፍ ብለው መጡ። ተራ በር የሚገጠምበት ቦታ ጠፋ። ስለዚህ በሩ ጣሪያው ላይ ታጠፈ። ዓለም ያበደለት ውበት ከብየዳ ሥራ የመጣ ነው።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። ቤላ ባሬኒ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው ጠንካራ መኪና ማለት ምንም ቢመታው የማይጣመም መኪና ነው ብሎ ያምን ነበር። ባሬኒ ተቃራኒውን አለ። የተሳፋሪው ክፍል ድርቅ ይበል፣ የፊቱና የኋላው ግን ይጨማደድ አለ። የተወረወረ እንቁላል የሚቀልብ ሰው እጁን ወደ ኋላ እንደሚስበው ማለት ነው። ብረቱ እየታጠፈ በሄደ ቁጥር የግጭቱን ኃይል ይበላል፣ ለሰውየው የሚተርፈው ይቀንሳል። ይህን በ1951 ለፓተንት አቀረበ። በ1959 ከፋብሪካው በወጡት፣ የኋላ ጠርዛቸው እንደ ክንፍ በተሾለ መርሴዲሶች ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዚንደልፊንገን ላይ መኪና ከግንብ ጋር ማጋጨት ጀመሩ። መኪናውን የሚስበው መጀመሪያ ሞተር የሌለውን አውሮፕላን ጎትቶ የሚያስነሳ መሣሪያ ነበር። በኋላ በፍል ውሃ እንፋሎት የሚወነጨፍ ሮኬት ከኋላው አሰሩበት። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ መሐንዲሶቹ እውነተኛ አደጋ በደረሰበት መንገድ ላይ እየተገኙ የተጨማደደውን ብረት ይለኩ ጀመር። በርታ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ መልሱን ከመንገድ መጠየቅ። በዚህ መሐል በ1978 ከቦሽ ኩባንያ ጋር የተሠራው፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ኤቢኤስ፣ በ1981 ደግሞ ኤርባግ ኤስ ክላስ በሚባለው ትልቁ መርሴዲስ ላይ መጡ። ዛሬ አነስተኛ የቤት መኪና ላይ የምትፈቱት ኤርባግ የዚያ ልፋት ልጅ ነው።

በ1997 ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። አዲሷ ትንሽ መኪና ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ በጋዜጠኞች ተፈተነች። ፈተናው መንገድ ላይ ድንገት ከገባ ትልቅ የዱር እንስሳ ለማምለጥ መሪ ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ነው። መኪናዋ ተገለበጠች። ድርጅቱ መጀመሪያ ተከራከረ። ቆይቶ ሽያጩን ለወራት አቆመና መኪናዋን አስተካከለ፤ ኢኤስፒንም ለሁሉም ኤ ክላስ መደበኛ አደረገው። ኢኤስፒ መኪናው ሲንሸራተት አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ነው፤ እስከዚያ ድረስ የውድ መኪና ዕቃ ነበር። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ እንዲኖረው ሕግ ሆኗል። በዚያ ዘመን ስሙን ያጎደፉ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። ዝገት ነበር። በ2005 በፍሬንና በኤሌክትሪክ ችግር 1.3 ሚሊዮን መኪና ለጥገና ተጠርቷል። በ2020ም በናፍጣ ጭስ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ከባድ ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

እኔን በግል የማረከኝ ግን ከሁሉም ተራ የሚመስለው ነው። ፋብሪካው ደብልዩ 123 የሚለው፣ በ1976 ገበያ የወጣው። ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሠርቷል። 240 ዲ የሚባለው ናፍጣው ሲጀመር 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ዳገት ላይ አይቸኩልም። ሞሮኮ ውስጥ ግን ከሹፌሩ ሌላ ስድስት ሰው ጭኖ ከከተማ ከተማ ሲመላለስ ዘመናት አሳልፏል። ከእሱ በፊት የነበረው 240 ዲ ደግሞ፣ ግሪክ ውስጥ በታክሲነት 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሠራው፣ ዛሬ ሽቱትጋርት ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ እየተቀያየረና እየታደሰ ነው እዚያ የደረሰው። ያ ኪሎ ሜትር የነጂው ብቻ አይደለም፤ የሜካኒኮቹም ነው።

እናንተ የምትሠሩበት ዘመን ሌላ ነው። ከ2024 ጀምሮ ወደ አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። መርሴዲስም የኤሌክትሪክ መኪኖች እየሠራ ነው። ካንዴላ የማይፈታ ሜካኒክ መሆን ሊያስፈራ ይችላል። ግን ፍሬን አለ፣ መሪ አለ፣ የሚጨማደድ አካል አለ፣ ባትሪ አለ። የሚሳፈረውም ያው ሰው ነው።

አሁን ወንበር ይበቃችኋል። ወርክሾፑ ውስጥ አንድ 240 ዲ ቆሟል፤ ባለቤቱ ለዛሬ አውሰውናል። ከጠዋት ጀምሮ ስላልተነሳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሆን ብለን ነው። ኮፈኑን ቀጥ እስኪል አቁሙት፤ እንደ ግድግዳ ስለሚቆም ከየትኛውም ጎን እጃችሁ ይገባል። ቁልፉን ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት ትበራለች። ሲሊንደሮቹ እየሞቁ ነው ማለት ነው። እሷ ሳትጠፋ ማንም እንዳያስነሳ። ሲነሳ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጭስ እዩ፣ ድምፁን አዳምጡ፣ ከዚያ ናፍጣ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የትኛው እንደደከመ ንገሩኝ። አንዱ ደክሟል። ወላጆችም ብትመጡ ደስ ይለናል፣ ነጭ ልብስ የለበሳችሁ ግን ትንሽ ራቅ በሉ።

አመሰግናለሁ።