ፊልትሮው የት ነው ያለው? የትንሿን ስፖርት መኪና ዘይት ግቢያችን ውስጥ ስንቀይር

[ጠዋት፣ ጅማ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ ግቢው ገና እርጥብ ነው። ቀይ መኪና ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማለች። ሞተሩ ይነሳል።]

እስቲ ይህን ስሙት። ችክ ችክ ችክ ይላል አይደል? ትንሽ ጠብቁ። አሁን ጠፋ።

ይህ ድምፅ የሚመጣው መኪናዋ ቆማ ስታድር ነው። ከሰዓት በኋላ ባስነሳት አይሰማም። ብዙ ሰው «አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። እኔ ግን ይህን ድምፅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዛሬ ዘይቱንና ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮ አብረን እንቀይራለን። በተለይ ፊልትሮውን።

[ካሜራው መኪናዋን ይዞራታል።]

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ትባላለች። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የኛዋ ከመጀመሪያው ትውልድ ናት፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው። አጎቴ ነው ከዓመታት በፊት ያመጣት። አሁን እኔ ጋ ናት። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል። ስለዚህ እሷ ከተበላሸች ሌላ አላገኝም። የምሳሳላትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። በዚህ ሞተር ውስጥ የቫልቮቹን ክፍተት የሚያስተካክሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። የሚሠሩት በዘይት ግፊት ነው። ዘይት ካልሞላባቸው ይንኳኳሉ። ችክ ችክ የሚሉት እነሱ ናቸው። ታዲያ ጠዋት ላይ ዘይት የማያገኙት ለምንድን ነው? ዘይቱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ጎድሎም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እሱም ፊልትሮው ነው።

[ጠረጴዛ ላይ በመጋዝ ለሁለት የተቆረጠ አሮጌ ፊልትሮ።]

ይህን ባለፈው ዓመት አውጥቼ ነው የቆረጥኩት። ተጣጥፎ የተደረደረው ወረቀት ቆሻሻውን የሚይዘው ነው። እዚህ ጋ ያለችው ስፕሪንግ ወረቀቱ ሲዘጋ ዘይቱ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ትከፍታለች። ሞተሩ ያለ ዘይት ከሚቀር ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻላል ተብሎ ነው። አሁን ይህችን ጎማ እዩልኝ። ክብ፣ ስስ ጎማ ናት። ሥራዋ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ታች ተመልሶ እንዳይፈስ መያዝ ነው። በጣቴ ስነካት እንደ ፕላስቲክ ደርቃለች። የደረቀች ጎማ ዘይት አትይዝም። ሌሊቱን ፊልትሮው ባዶ ይሆናል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ፊልትሮው እስኪሞላ መጠበቅ አለበት። እነዚያ የሰማችኋቸው ሰከንዶች እነዚህ ናቸው።

በዚህች መኪና ላይ ፊልትሮው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው የሚታሰረው። ቦታውም ከሞተሩ በስተቀኝ፣ ከአየር ማስገቢያው ቱቦዎች ሥር ነው። ኮፋኖውን ከፍታችሁ ከላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ስለዚህ ሳይነካ ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ «ዘይትም ፊልትሮም ተቀይሯል» ተብዬ ከፍያለሁ። በኋላ ከሥር ገብቼ ሳየው ፊልትሮው ቀለሙ ተልጦ፣ ዝጎ፣ በጭቃ ተሸፍኖ ነበር። ለዓመታት የነካው ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ እጅ ነው የምቀይረው።

[ዕቃዎቹ በካርቶን ላይ ተዘርግተዋል።]

የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው። ባለ 4 ሊትር አንድ ጋሎን ዘይት። አዲስ ፊልትሮ። ለማፍሰሻው ቡሎን አዲስ ቀለበት። 19 ቁልፍ። አሮጌ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ጓንት፣ ጨርቅ፣ አንድ ፌስታል። ዘይቱን ለመጨመር ደግሞ ከግማሽ የቆረጥኩት የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል።

ዘይቱ 10ደብሊው30 ነው። ደብሊው ያለበት ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚወፍር ይነግረናል። ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለውን ውፍረት ነው። «መኪናዋ አርጅታለች፣ ወፍራም አድርግላት» የሚሉኝ አሉ። ወፍራም ዘይት ግን ጠዋት ላይ እነዚያ ትንንሽ ክፍሎች ጋ ለመድረስ የበለጠ ይዘገያል። ጋሎኑን ስትገዙ ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን እዩ። ሲያልቅ ደግሞ ጋሎኑን ቅደዱት። ባዶ ጋሎን ፎርጅድ ዘይት ይሞላበታል።

ፊልትሮ ስትገዙም ጥርሱን፣ ማለትም እየዞረ የሚታሰርበትን ጠመዝማዛ፣ አረጋግጡ። የዚህኛው ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር። የብዙ ቶዮታዎች ፊልትሮ ጥርሱ በኢንች ነው፤ በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል። «ይገባል፣ ጥበቅ አድርገው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። በእጅ እየዞረ በቀላሉ ካልገባ የእናንተ አይደለም።

[መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ።]

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አሙቄ አጥፍቻለሁ። ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። የፈላ ዘይት ግን እጅ ያቃጥላል።

የእጅ ፍሬን ይዣለሁ። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌአለሁ። የቀኝ የፊት ጎማ ዳዶዎችን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች አላልቻቸዋለሁ። የኛ ቀይ አፈር በዝናብ ሲርስ ክሪክ ይሰምጥበታል። ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጌአለሁ።

አሁን የምለውን በጣም እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም አትደግፉባት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። የብረት ማቆሚያ ከሌላችሁ ከጋራዥ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ካላገኛችሁ ዛሬ አትሥሩ። ማቆሚያውን ከፊት ጎማው ኋላ፣ ጠንካራው የቦዲ ጠርዝ ላይ ነው የማደርገው። ከዚያ መኪናዋን በእጄ እወዘውዛታለሁ። ካልተነቃነቀች ጎማውን እፈታለሁ። የፈታሁትን ጎማ ደግሞ ከመኪናዋ ሥር አስተኛዋለሁ። ማቆሚያው ቢከዳኝ መኪናዋ ጎማው ላይ ታርፋለች።

[ከሥር። ሳፋው ቦታውን ይዟል።]

መጀመሪያ ላይኛውን የዘይት ክዳን ክፈቱ። አየር ሲገባ ዘይቱ በደንብ ይወርዳል። ከዚያ የታችኛውን ቡሎን በ19 ቁልፍ አላሉት። የቀረውን በጣት ፍቱት። ስትፈቱት ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጋችሁ ነው፤ ጥርሱ ሲያልቅ ቶሎ ሳብ። ዘይቱ መጀመሪያ በኃይል ወደ ጎን ነው የሚወጣው። እየቀነሰ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሳፋውን አብራችሁ አንቀሳቅሱ።

ሩብ ሰዓት ይንጠፍጠፍ። እማዬ ጠዋት ላይ ቡና ታፈላለች፤ እኔም የአቦሉን ስኒ የምጠጣው በዚህ ሰዓት ነው።

[ሳፋው ውስጥ ያለው ዘይት በቅርበት።]

እስከዚያው ዘይቱን እንየው። መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለው ግን መካኒክ ማማከር አለባችሁ። ቀለሙ ማኪያቶ ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።

ውሃ ካልኩ አይቀር፣ ስለ ጅማ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ትንሽ ናት። ከአጂፕ ሰፈር ፈረንጅ አራዳ፣ ከፈረንጅ አራዳ የጅማው መርካቶ ብንል ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ደርሰን እናጠፋዋለን። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃም ይፈጠራል። ከሱ ጥቂቱ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይተናል፤ ካልሞቀ እዚያው ይቀራል። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ በረሃ ወርዶ መውጣት አለው። ሰው የሚፈራው ያንን መንገድ ነው። ለዘይቱ ግን የየቀኑ አጭር መንገድ ይብስበታል። እኔ በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው እቀይራለሁ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትነዳ መኪና ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው 6 ወሩ ነው።

ተንጠፍጥፏል። ቡሎኑ አዲስ ቀለበት ለብሶ መጀመሪያ በእጅ ይገባል፤ ከዚያ በቁልፍ ይጠብቃል። የማጥበቂያው ኃይል ልክ ከ30 እስከ 41 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌላችሁ ረጅም ቧንቧ ሰክታችሁ አትጫኑት። ጥርሱ ከተበላ የዘይት ቋቱን ማውረድ ነው። በዚህች መኪና ደግሞ ቋቱን ለማውረድ ሞተሩን ማንሳት ይጠይቃል።

[ጎማው በተፈታበት ክፍተት። እጅ ወደ ውስጥ ይገባል።]

አሁን ዋናው ሥራ። ጎማውን የፈታሁት ለዚህ ነው። እጃችሁን በጎማው ክፍተት አስገቡ። አይታይም፤ በዳሰሳ ነው። ክብ ቆርቆሮ ታገኛላችሁ። የጭስ ማውጫው በግራ በኩል ስለሆነ እዚህ የሚያቃጥል ነገር የለም።

አልዞር ካለ በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት። መንሸራተቱ ይቀራል። ካቻቢቴ አትውጉበት። ቆርቆሮው ተቀዶ ሥሩ ብቻ ከቀረ መያዣ ታጣላችሁ። ሲላላ ፌስታሉን አልብሱትና ፌስታሉ ውስጥ ፍቱት። ውስጡ ዘይት አለ፤ አለዚያ ክንዳችሁን ተከትሎ ብብታችሁ ድረስ ይወርዳል።

[የወጣው ፊልትሮ አፍ በቅርበት።]

አቁሙ። ይህን ሳታዩ አዲሱን አታንሱ። የአሮጌው ፊልትሮ ክብ ጎማ አብሮት ወጥቷል? ይኸው፣ ወጥቷል። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ይህን አላየሁም። አዲሱን በአሮጌው ጎማ ላይ አጠበቅሁት። ሞተሩን ሳስነሳ ሁለቱ ጎማዎች ተንሸራተው ዘይቱ ግቢው ላይ ተረጨ። ቶሎ ስላጠፋሁት ሞተሩ ተረፈ። መንገድ ላይ ሆኜ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ጎማውን በዓይናችሁ እዩ፤ ሞተሩ ላይ ያለውን ፊትም በጨርቅ ጥረጉ፣ በጣት ዳስሱ።

አዲሱ ፊልትሮ ጎማው ላይ በጣት አዲስ ዘይት ይቀባል። ደረቅ ጎማ ሲዞር ይጨማደዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜም አይላቀቅም። ውስጡም ትንሽ ዘይት ጨምሬበታለሁ። ዘንበል ስለሚል ሙሉ ብታደርጉት ይፈሳል። በእጅ አዙሩት። ጎማው ሞተሩን ሲነካ ይሰማችኋል። ከዚያ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር፣ በእጅ ብቻ።

[ዘይት ሲጨመር።]

ይህ ሞተር ከነፊልትሮው 3.6 ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። ጋሎኑ 4 ሊትር ነው። ሁሉንም አትገልብጡት። ዘይት ሲበዛ የሚሽከረከረው ዘንግ እንደ እንቁላል ይመታዋል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም። 3 ሊትር ጨምሩ፤ የቀረውን ቆይተን እንሞላዋለን።

አስነሱት። ነዳጅ አትርገጡ። በዚህች መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዘይት ግፊት የሚያሳይ መርፌ አለ። በኋላ በወጡት ላይ መርፌው ለምልክት ያህል ነው፤ የዚህኛው ግን እውነተኛውን ግፊት ይለካል። እዩት፣ ተነሳ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ አጥፉና ምክንያቱን ፈልጉ። እህቴ ከጎማው ክፍተት በባትሪ እያየች ነው። «ደረቅ ነው» አለች። ጥሩ።

ጎማውን እንመልስ፤ መኪናዋን እናውርድ። ዳዶዎቹን በመስቀል እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። መኪናዋ ሜዳ ላይ አምስት ደቂቃ ትቁም። ከዚያ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ መልሳችሁ እዩ። ላይኛው ምልክት ጋ እስኪደርስ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

[በማግስቱ ጠዋት። ሞተሩ ይነሳል።]

አሁንስ? ሁለት ጊዜ ችክ አለ፤ ከዚያ ዝም። ትናንት የሰማችሁት ግን ለብዙ ሰከንዶች የቆየ ነበር።

[ጀሪካኑ። ከጀርባ የጎርፍ መውረጃው ይታያል።]

አንድ ሥራ ቀርቶናል። ይህ የተቃጠለ ዘይት ነው። ከኛ በር ፊት ያለው የጎርፍ መውረጃ ወደ አዌቱ ወንዝ ይሄዳል። አዌቱ ደግሞ ቦዬ ረግረግ ጋ ይደርሳል፤ ወፎቹ ያሉበት ማለት ነው። በዝናብ ጊዜ እዚህ የደፋችሁት ማታውን እዚያ ነው። ለምስጥ ብለው አጥር እንጨት የሚቀቡበትም አሉ። ያም ቢሆን አፈሩ ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ለቆዳም መርዝ ነው፤ ጓንት ያደረግሁት ለዚህ ነው።

እኔ አሮጌውን ፊልትሮ ሌሊቱን ሙሉ ሳፋ ላይ ገልብጬ አንጠፍጥፌዋለሁ። ዘይቱ ይኸው ጀሪካን ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ጠብቋል። የሚያጠራቅም ጋራዥ አለ። አስቀድሜ ጠይቄአቸው እሺ ብለውኛል። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። አድርሼ እመጣለሁ።